የቢሮው ኔትወርክ ጂሜይሌን አልከፍት አለኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የአይቲ ድጋፍ ስሰጥ በኮሪደር፣ በሻይ ሰዓትና በስልክ ደጋግመው የጠየቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ አስቀምጫለሁ።

ቤት የሚከፈተው ጂሜይል ቢሮ ለምን አይከፈትም?

በቢሮው ኔትወርክና በኢንተርኔት መካከል ፋየርዎል የሚባል በር ጠባቂ ስላለ ነው። የሚገባውን ብቻ ሳይሆን የሚወጣውንም ይፈትሻል። ብሮውዘሩ ላይ አድራሻ ሲጽፉ ጥያቄዎ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ፎርቲጌት፣ ፓሎ አልቶ፣ ሶፎስና ሲስኮን የመሳሰሉት ፋየርዎሎች ድረ ገጾችን በምድብ ከፋፍለው ይዘዋል፦ ዜና፣ ቁማር፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ የድር ኢሜይል እያሉ። ባለሙያው «የድር ኢሜይል» የሚለውን ምድብ አንድ ጊዜ ከከለከለ ጂሜይልም፣ ያሁም፣ አውትሉክም፣ ፕሮቶንም አብረው ይዘጋሉ።

ስለዚህ የእርስዎን አካውንት ለይቶ የዘጋ ሰው የለም። «አለቃዬ ጂሜይሌን አዘጋብኝ» ብሎ የሚቀየም ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ለአለቃውም አይከፈትለትም።

ተዘግቶ ነው ወይስ ተበላሽቶ? በምን ልለየው?

ስልክዎን ከዋይፋይ አላቅቀው በራስዎ ዳታ ይሞክሩት። እዚያ ከተከፈተ ችግሩ ከአካውንትዎ አይደለም። ከዚያ የቢሮው ኮምፒውተር የሚያሳየውን ልብ ብለው ያንብቡ። የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ወይም የፋየርዎሉ ስም ያለበት «ይህ ገጽ ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ የታገደበትን ምድብም ይጽፋል። ገጹ እየዞረ እየዞረ ቆይቶ «ጊዜው አልፏል» ካለ ወይም «አድራሻው አልተገኘም» ካለ ግን ታግዶም ሊሆን ይችላል፣ መስመሩ ደክሞም ሊሆን ይችላል። ሌሎች ድረ ገጾች ደህና ከተከፈቱ ወደ እገዳው ያዘነብላል።

ሦስተኛው ምልክት የሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰርተፍኬት ማለት ድረ ገጹ እውነተኛው መሆኑን ለብሮውዘሩ የሚያሳይ መታወቂያ ነው። እዚህ ላይ እኛ አገር ደጋግሞ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስተካክል ሰው አለ። ኮምፒውተሩ 2017 ሲባል የሚገባው የፈረንጆቹ 2017 ነው። የጂሜይል ሰርተፍኬት ደግሞ በየጥቂት ወሩ የሚታደስ ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ሲያየው «ይህ ገና ሥራ ላይ አልዋለም» ብሎ አልከፍትም ይላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ሲመለስም ውጤቱ ያው ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ «አገዱኝ» እያሉ ሲያማርሩ ቆይተው መፍትሔው ቀኑን ማስተካከል ሆኖ ተገኘ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ አስቡበት፤ ክሮም ለእሱ አዲስ ስሪት ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ነው፣ አሮጌ ብሮውዘር ደግሞ በየጊዜው አዲስ ችግር ያመጣል።

ግን ኢሜይል ምን ጉዳት አለውና ይዘጉታል?

ዋናው ምክንያት የጓሮ በር መሆኑ ነው። ወደ ቢሮ አድራሻዎ የሚመጣ ደብዳቤ መጀመሪያ በማጣሪያ ያልፋል፤ ቫይረስ ያለበት ፋይል ወይም የአጭበርባሪ ሊንክ ከሆነ እርስዎ ጋር ሳይደርስ ይያዛል። በግል ኢሜይል የመጣው ግን ያንን ማጣሪያ አያውቀውም። «የዕቃ መላኪያ ደረሰኝ» ተብሎ የመጣ ፋይል በጂሜይል በኩል ተከፍቶ የአንድ ክፍል ኮምፒውተሮች ፋይል በሙሉ ሲቆለፍ ማየት በቂ ትምህርት ነው። ሁለተኛው የመረጃ መውጣት ነው፦ የደንበኛ ዝርዝር፣ የጨረታ ሰነድ፣ የደመወዝ ሠንጠረዥ ከግል ኢሜይል ጋር ተያይዞ ቢወጣ ማን አወጣው ብሎ ማጣራት ከባድ ነው። ሦስተኛው፣ በተለይ ክፍለ ከተማና ወረዳ ላይ፣ የኢንተርኔት መስመሩ ቀጭንነት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ እውነቱን ልናገር። ብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን በደብዳቤ ራስጌያቸው ላይ የሚያትሙት የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ነው። እኔ በሠራሁበት አንድ ቦታ የድር ኢሜይል የዘጋን ዕለት መዝገብ ቤቱ ቆመ። የመሥሪያ ቤቱ ይፋዊ ኢሜይል ራሱ ጂሜይል ነበርና! በማግስቱ ከፈትነው። መዝጋት የሚያምረው የራስን ዶሜይን (ከ@ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ስም የሚጻፍበትን አድራሻ) ካዘጋጁ በኋላ ነው።

እሺ፣ በሥራ ሰዓት የግል ኢሜይሌን በምን ልይ?

በስልክዎ፣ በራስዎ ዳታ። ይህ መልስ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው አይረካበትም፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የለኝም። መስመሩ የእርስዎ፣ ስልኩ የእርስዎ፣ ኢሜይሉ የእርስዎ ከሆነ ቢሮው የሚያየውም የሚከለክለውም ነገር የለም።

«ዳታ ይበላል» ለሚሉ፦ ጽሑፍ ብቻ ያለው ኢሜይል ከአንድ የቴሌግራም ቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። የሚበላው ፎቶና አታችመንት ነው። ጂሜይል መተግበሪያ ውስጥ ገብተው በየአካውንቱ ቅንብር ላይ ምስሎችን ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቅዎ ያድርጉ፤ ይህ የማስታወቂያ ኢሜይሎችን ክብደት በጣም ይቀንሳል፣ ኢሜይሉን መክፈትዎን ላኪው እንዳያውቅም ይረዳል። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ በቤቱ ዋይፋይ አንድ ጊዜ ከከፈቱት ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹ መልእክቶች ስልኩ ላይ ስለሚቀመጡ ቀን ላይ ያለ ኢንተርኔት ሊያነቧቸው ይችላሉ።

የሚያስቸግረው ማተም ሲያስፈልግ ነው፦ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የትምህርት ዕድል ደብዳቤ። ለዚህ ጎረቤት ያለ የኮፒ ቤት ይበልጣል። ኮፒ ቤቱ ውስጥ ግን በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድዎን ከማስገባት ፋይሉን ብቻ በቴሌግራም ይላኩላቸው፣ ሲጨርሱም ከቻቱ ላይ ለሁለታችሁም ያጥፉት።

ስልኬን ከቢሮው ዋይፋይ ጋር ባገናኘውስ?

በአብዛኛው ያው አጥር ይጠብቅዎታል፤ ዋይፋዩም የሚወጣው በዚያው ፋየርዎል ነው። አንዳንድ ቦታ የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻው አለ፣ ደንቡም ላላ ያለ ነው፤ ሠራተኛ እንዲጠቀምበት ከተፈቀደ ምንም ችግር የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ዋይፋዩን ለመጠቀም «ይህን ሰርተፍኬት ስልክዎ ላይ ይጫኑ» ወይም «ይህን የመቆጣጠሪያ መተግበሪያ ያውርዱ» ከተባሉ ያው የግል ስልክዎ በከፊል የቢሮው ሆነ ማለት ነው። የቢሮ ኢሜይል በስልክዎ እንዲኖር ከተፈለገ አንድሮይድ ላይ የሥራውን ክፍል ከግሉ የሚለይ የሥራ ፕሮፋይል አለ፤ እሱን ይጠይቁ።

ኢንኮግኒቶ አድርጌ ብከፍተውስ?

አይከፈትም። ኢንኮግኒቶ የሚደብቀው ከእርስዎ በኋላ ያንኑ ኮምፒውተር ከሚጠቀም ሰው ነው። ፋየርዎሉ ብሮውዘርዎ በየትኛው መልክ እንደተከፈተ አያውቅም፣ አያስጨንቀውምም።

አይቲዎቹ ኢሜይሌን ያነቡታል እንዴ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱ በሦስት ደረጃ ይለያያል። በተለመደው ሁኔታ በብሮውዘርዎና በጂሜይል መካከል ያለው ነገር የተመሰጠረ ነው፤ ጂሜይል ይህን ለሁሉም ተጠቃሚ መደበኛ ያደረገው እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ነው። ያኔ ፋየርዎሉ የሚያየው ከየትኛው ኮምፒውተር፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ወደ የትኛው ድረ ገጽ፣ ምን ያህል መጠን እንደተላከ ነው። ከማን ጋር ምን እንደተጻጻፉ አያይም። ፖስተኛው ፖስታውን አይቶ ደብዳቤውን እንደማያነብ ማለት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ፋየርዎሉ ፖስታውን ከፍቶ አንብቦ እንደገና ሲያሽገው ነው። ይህ የሚቻለው ኮምፒውተሩ የቢሮው ንብረት ስለሆነና የቢሮው ሰርተፍኬት አስቀድሞ ስለተጫነበት ነው። ይህንን ራስዎ ማወቅ ይችላሉ፦ ጂሜይልን ከፍተው ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ይጫኑና ሰርተፍኬቱን ማን እንደሰጠው ይዩ። በጤናው የጉግል የራሱ ሰርተፍኬት ሰጪ ስም ነው የሚታየው። በዚያ ፈንታ የመሥሪያ ቤትዎ ስም ወይም የፋየርዎሉ አምራች ስም ካለ ፖስታው መሐል ላይ እየተከፈተ ነው። የቢሮው ሰርተፍኬት በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ደግሞ ይኸው ነገር ቀይ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይመጣል፤ ክሮም ለጂሜይል «ይሁን፣ ልቀጥል» የሚል አማራጭ እንኳ አይሰጥም።

ሦስተኛው በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ መከታተያ ነው። ስክሪኑን የሚቀርጽ ወይም የሚጻፈውን የሚመዘግብ ፕሮግራም ካለ ምስጠራው ምንም አያደርግም፣ ምክንያቱም የሚያየው እርስዎ የሚያዩትን ነው። የአይቲ ሠራተኛው ቁጭ ብሎ የእርስዎን ደብዳቤ ያነባል ማለቴ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ጊዜም የለን። ነገር ግን መዝገቡ ይቀመጣል፣ አንድ ቀን ምርመራ ሲመጣ ይገለበጣል።

እንዲከፍቱልኝ ብጠይቅ ይስቁብኛል?

አይስቁም። ከመዝጋቱ በላይ የሚያደክመን ሰው ሳይጠይቅ የሚያደርገው ነው። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ድረ ገጽ፣ ለተወሰነ ሰዓት መክፈት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ብዙ ፋየርዎል በምሳ ሰዓት ብቻ መክፈትም ያውቃል። የሚያስፈልገው የቅርብ አለቃ ፊርማ ነው፣ ምክንያቱም ኦዲተር ሲመጣ «ይህን ማን ፈቀደ?» የሚለን እኛን ነው።

ማመልከቻዎ አጭር ይሁን፣ ምክንያቱ ይገለጽ፣ ቀን ይኑረው። እንዲህ ዓይነቱን ማንም ውድቅ አላደረገም፦ «ጉዳዩ፦ የግል ኢሜይል ለተወሰነ ጊዜ እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ። የማስተርስ ትምህርቴን በርቀት እየተከታተልኩ ስለሆነና ዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያዎቹን የሚልክልኝ በግል ኢሜይሌ ስለሆነ፣ እስከ ሰኔ 30 ድረስ በምሳ ሰዓት ብቻ እንዲከፈትልኝ እጠይቃለሁ። ፋይል ማውረድ አያስፈልገኝም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ሥጋት ታነሳለች። ያልሠራውን ልንገራችሁ? «ሁሉም ቦታ ክፍት ነው፣ እኛ ጋ ብቻ ለምን?» የሚለው።

ቪፒኤን ብጭንስ? ጓደኛዬ ጭኖ ይሠራለታል።

ይሠራለት ይሆናል፤ የማይታይ ግን አይምሰለው። ቪፒኤን (ግንኙነትዎን አመስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ውስጡን ይሸፍናል እንጂ ራሱን አይሸፍንም። ቀኑን ሙሉ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ አንድ የማይታወቅ የውጭ ሰርቨር የሚፈስ የተመሰጠረ ነገር ከጂሜይል ይልቅ ዓይን ይስባል። ፋየርዎሎች ለዚህ ለብቻው «ማምለጫ» የሚል ምድብ አላቸው፣ ሲነካም ማንቂያ ይልካል። ኢሜይል ለማየት የፈለገ ሰው በመዝገቡ ላይ መረጃ ሊያሸሽ እንደሞከረ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ቅጣቱም ከዚያ አንፃር ነው የሚታየው። የኢንተርኔት አጠቃቀም መመሪያ ፈርመው ከሆነ (ሲቀጠሩ ከሰጡዎት ወረቀቶች መካከል ሳያነቡ የፈረሙት ሊሆን ይችላል) ማገጃን ማለፍ ብዙ ጊዜ ለብቻው የተጻፈ ጥፋት ነው።

የነፃዎቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሰርቨር ገንዘብ ያስወጣል፤ እርስዎ ካልከፈሉ የሆነ ሰው በሆነ ነገር ይከፍላል። በብሮውዘር የሚከፈቱ የፕሮክሲ ገጾች (የተዘጋውን ድረ ገጽ በራሳቸው በኩል የሚያሳዩ) ከሁሉም የባሱ ናቸው፦ ፓስወርድዎን የሚጽፉት በጂሜይል ላይ ሳይሆን በእነሱ ገጽ ላይ ነው። ድሮ በጉግል ትርጉም በኩል የተዘጋ ገጽ መክፈት የሚባል ዘዴም ነበር፤ ዜና ለማንበብ ይሆን ነበር፣ ፓስወርድ ለሚጠይቅ ነገር ግን አይሆንም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ ብሎ የኢንተርኔት አድራሻውን የሚያጭበረብር ሰው ላይ እስራት ወይም ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ቅጣት ወይም ሁለቱንም አስቀምጧል። ቪፒኤን መጠቀም በራሱ ወንጀል ነው አይልም፤ ይሁን እንጂ በአሠሪ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገብቶ ማስረዳት የሚመኙት ነገር አይደለም።

የስልኬን ሆትስፖት ለቢሮው ኮምፒውተር ብሰጠው የራሴ ዳታ አይደል?

ዳታው የእርስዎ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን አይደለም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች ብልህነት የሠሩ መስሏቸው ፈገግ ይላሉ፤ እኛን ግን ከቪፒኤኑ በላይ የሚያስደነግጠን ይህ ነው። ኮምፒውተሩ በኬብል ከቢሮው ኔትወርክ፣ በዋይፋይ ከስልክዎ ጋር በአንድ ጊዜ ከተገናኘ ያለ ጠባቂ የተከፈተ በር ሆነ። በስልኩ በኩል የገባ ቫይረስ በኬብሉ በኩል ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ መከታተያ ካለም ሆትስፖቱን ጨምሮ ይመዘግባል። ስልኩን ከያዙ አይቀር እዚያው ስልኩ ላይ ያንብቡት።

የቢሮው የጉግል አካውንት ይከፈታል፣ የራሴን ሳስገባ ግን አልፈቅድም ይላል። አንድ ጉግል አይደለም?

አንድ ነው፤ ግን ጉግል ለድርጅቶች ያዘጋጀው አሠራር አለ። ከቢሮው በሚወጣው ጥያቄ ላይ «የዚህን ድርጅት አካውንት ብቻ አስገባ» የሚል ማስታወሻ ይለጠፋል፤ ጉግልም ማስታወሻውን አይቶ የግሉን አካውንት ራሱ ይመልሳል። ማይክሮሶፍትም ተመሳሳይ አለው። ስለዚህ አካውንትዎ አልታገደም፣ ፓስወርድም አይቀይሩ።

ልብ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ያንን ማስታወሻ በተመሰጠረ ነገር ውስጥ ለመለጠፍ ወይ ፋየርዎሉ ምስጠራውን መክፈት አለበት፣ ወይ በክሮሙ ላይ የቢሮው መመሪያ ተጭኗል። በሁለቱም መንገድ ያ ብሮውዘር የእርስዎ ጓዳ አይደለም።

ድረ ገጹ ይከፈታል፣ አውትሉክ ፕሮግራም ላይ ግን የግል ኢሜይሌ አልገባም።

ድረ ገጽ የሚጠቀመው 443 የሚባለውን ወደብ (በቁጥር የሚለይ የኔትወርክ መተላለፊያ) ነው፤ እሱ ከተዘጋ ኢንተርኔቱ ሁሉ ይቆማል። የኢሜይል ፕሮግራሞች ግን ለመቀበል 993 ወይም 995፣ ለመላክ 587 ወይም 465 ይጠቀማሉ፤ ብዙ ቢሮ እነዚህን ይዘጋል። 25 የሚባለው ደግሞ ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር አይፈለጌ መልእክት የሚረጭበት ስለሆነ የሚከፍትልዎ አያገኙም።

ወደቡ ክፍት ሆኖም አልገባ ካለ የጂሜይል የራሱ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 መጨረሻ ጀምሮ ጂሜይል ተራውን ፓስወርድ ብቻ ይዘው የሚመጡ አሮጌ ፕሮግራሞችን አይቀበልም። ወይ አዲስ ስሪት ይጫኑ፣ ወይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርተው 16 ፊደል ያለው የመተግበሪያ ፓስወርድ ከጉግል ያውጡ። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን ባያደርጉት እመክራለሁ፤ አውትሉክ ኢሜይሎቹን በሙሉ አውርዶ እዚያው ያስቀምጣቸዋል።

ጉግል «ናይሮቢ ሆኖ የገባ ሰው አለ» አለኝ። እኔ ቦሌ ነኝ። ተጠለፍኩ?

ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ከሠሩ ምናልባት አልተጠለፉም። የብዙዎቹ ኢንተርኔት በዋናው መሥሪያ ቤታቸው ወይም በክፍለ አህጉር ጽሕፈት ቤታቸው በኩል ነው የሚወጣው፤ ለጉግል ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ የተቀመጡ ይመስላሉ። ሰዓቱን ያመሳክሩ፦ እርስዎ ቢሮ ከገቡበት ደቂቃ ጋር ከገጠመ እርስዎ ነዎት። ካልገጠመ ወይም መሣሪያው የማያውቁት ከሆነ ሳይውል ሳያድር ፓስወርድ ይቀይሩ፤ ሲቀይሩ ግን በስልክዎ ይሁን።

የግሌን ኢሜይል ወደ ቢሮ አድራሻዬ እንዲመጣ ባደርግስ? የቢሮውንስ ወደ ግሌ?

የመጀመሪያው ይቻላል፣ ጂሜይል ማረጋገጫ ልኮ ይፈቅድልዎታል። ግን የሐኪም ውጤትዎም፣ የባንክ መልእክትዎም፣ ሌላ ሥራ ያመለከቱበት መልስም በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ሊቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ማጥፋት በእርስዎ እጅ አይደለም። የግድ ካሉ የአንድ ላኪ መልእክት ብቻ የሚያስተላልፍ ፊልተር ይሥሩ።

ሁለተኛውን አያድርጉት። «ቤት ሄጄ ልሥራበት ብዬ ነው» የሚለው ቅን ምክንያት ነው፣ አምናለሁም። ሰነዶችን በጅምላ ወደ ግል አድራሻ መላክ ግን መልቀቂያ ያስገባ ሰው መጀመሪያ የሚመረመርበት ነገር ነው።

ሎግ አውት ሳላደርግ ወጣሁ። ሥራ ስለቅስ ምን ላስተካክል?

በኮምፒውተር ጂሜይልን ሲከፍቱ ከገጹ ግርጌ በስተቀኝ የመጨረሻው አጠቃቀም የሚል ጽሑፍ አለ፤ ዝርዝሩን ከፍተው ከሌሎቹ ቦታዎች ሁሉ መውጣት ይችላሉ። በስልክ ከሆነ የጉግል አካውንት ቅንብር ውስጥ ደኅንነት ከሚለው ሥር መሣሪያዎችዎን ያገኛሉ፤ የቢሮውን መርጠው ያስወጡት።

ሰው የሚረሳው ክሮሙን ነው። ጂሜይል ሲከፍቱ ክሮም ራሱ በግል አካውንትዎ ከገባና ማመሳሰል ከበራ ቤት ያስቀመጧቸው ፓስወርዶች፣ የጎበኟቸው ገጾችና የካርድ ቁጥር ሳይቀር ወደ ቢሮው ኮምፒውተር መጥተዋል። ሎግ አውት ማድረጉ አይበቃም፤ ፕሮፋይሉን ከኮምፒውተሩ ላይ ያጥፉት።

ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት ደግሞ የጂሜይልዎ መጠባበቂያ አድራሻ ምን እንደሆነ ይዩ። ከዓመታት በፊት የቢሮ ኢሜይልዎን አስመዝግበው ረስተውት ይሆናል። ከለቀቁ በኋላ ፓስወርድ ቢጠፋብዎ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ወደማይከፍቱት ሳጥን ነው፤ ሳጥኑን የሚከፍተው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ክሊራንስ ላይ ላፕቶፕ ከማስረከብዎ በፊት ይህን ይቀይሩ። የቢሮ ሲም ካርድ ቁጥር ካስገቡም እንዲሁ።

አለቃዬ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያገኘውን የግል ኢሜይሌን ማንበብ ይችላል? ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ ውስጥ መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነው፤ በፖስታ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ የግል ግንኙነት አይደፈርም ይላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጓል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ተጨምሯል። እንደ እኔ ንባብ ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ ጂሜይልዎን የመሥሪያ ቤቱ አያደርገውም፤ የረሱትን ክፍት ኢንቦክስ የሚገልጥ አለቃም ያለ ፈቃድ የገባ ነው። መዝገብ መያዝና ድረ ገጽ መዝጋት ግን የአሠሪው መብት ነው፣ በተለይ አስቀድሞ ካሳወቀ። ጉዳይ ያላችሁ ጠበቃ አነጋግሩ፤ እኔ የኬብል ሰው ነኝ።

ውጭ አገር ላላችሁ መስመሩ ይለያያል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ለአንድ ሮማኒያዊ ሠራተኛ ፈርዷል፦ አሠሪው መልእክቶቹን እንደሚከታተልና እስከምን ድረስ እንደሆነ አስቀድሞ አልነገረውም ነበር። እስራኤል ውስጥ ብሔራዊ የሥራ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በሰጠው ውሳኔ የሠራተኛ የግል ኢሜይል ሳጥን ውስጥ መግባት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። አሜሪካ ለአሠሪ የበለጠ ታደላለች፤ ሆኖም የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ያየው ጉዳይ መታወቅ ያለበት ነው። ሠራተኛዋ በመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ በግል ያሁ ኢሜይሏ ከጠበቃዋ ጋር ተጻጽፋለች። ላፕቶፑን መልሳ ከለቀቀች በኋላ ከሰሰች፤ አሠሪው የሃርድ ዲስኩን ቅጂ ሲያስመረምር ብሮውዘሩ በራሱ ያስቀራቸው የገጾቹ ቅጂዎች ወጡ። ፍርድ ቤቱ ከጠበቃ ጋር የተደረገ ነውና ምስጢርነቱ ይጠበቅ ብሎ ፈረደላት። እስከዚያ ድረስ ግን ደብዳቤዎቿን የተቃራኒ ወገን ጠበቆች አንብበዋቸው ነበር።